ኦቶማቲክ ካምቢዮ «ዘይቱ ከተነካ ይሞታል» የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ2006 የተመረተ ኦቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቤቴ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት ጠዋት ከፒ (ከማቆሚያው) አውጥቼ አር (የኋላ ማርሽ) ሳስገባው ትንሽ ይዘገይና ግው ብሎ ይይዛል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ደህና ነው። አንዱ መካኒክ ‹የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይቀየርም፣ ከነካኸው ይሞታል› አለኝ። ሌላው ‹በማሽን ይታጠብልህ፣ አዲስ ይሆናል› ይላል። ሶማሌ ተራ ዘይት ልገዛ ስሄድ ደግሞ ሻጩ ‹ቀዩ ዘይት ሁሉ አንድ ነው፣ ዴክስሮን 3 ውሰድ› አለኝ። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሦስቱንም አይስሟቸው። የመጀመሪያው መካኒክ የነገረዎት በዓይኑ ያየውን ነው፤ ምክንያቱን ግን ገልብጦታል። ሁለተኛው አዲስ ካምቢዮ የሚችለውን ነገር 190 ሺህ ኪሎ ሜትር በሄደ ካምቢዮ ላይ ሊሞክር ነው። የሻጩ ምክር ከሁለቱም ይከፋል፤ እሱን የሰማ ሰው ካምቢዮውን በገዛ ገንዘቡ ያበላሻል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ የዘይቱ ዋና ሥራ ጥርስ ከጥርስ እንዳይበላላ ማድረግ ነው። በዓይነቱ ትንሽ ቢሳሳቱ መኪናው ይታገስዎታል። ኦቶማቲክ ላይ ግን ዘይቱ ራሱ ከካምቢዮው ክፍሎች እንደ አንዱ ነው። የሞተሩን ጉልበት ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው በቶርክ ኮንቨርተር በኩል የሚያሻግረው እሱ ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በቀጫጭን መተላለፊያዎች ተገፍቶ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውና የፍሪሲዮን ዲስኮቹን የሚያጣብቀው እሱ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ራዲያተር ጋ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሌላ ነው፤ ያው ዘይት ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን እያለሰለሰ፣ በዚያው ቅጽበት ዲስኮቹ ሲገናኙ እንዳይንሸራተቱ ማድረግ አለበት። ማለስለሱ ከበዛ ዲስኩ ይንሸራተትና ይቃጠላል፤ ካነሰ ደግሞ ማርሹ እየመታ ይገባል። ይህን ልክ የሚወስኑት በዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ኬሚካሎች ናቸው። እያንዳንዱ የመኪና አምራችም ዲስኮቹ የተሠሩበትን ነገር ዓይቶ ልኩን ለራሱ ያወጣል። ዘይቶቹ በስም የበዙት ለንግድ ብቻ አይደለም።

ቀይ ቀለሙ ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው የሞተር ዘይት ይሁን የካምቢዮ በቀላሉ እንዲለይ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። የብዙ መኪኖች የመሪ ዘይትም ያው ቀይ ነው። ቶዮታ ራሱ ታይፕ ቲ-ፎር የሚባል ዘይት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ደብሊው ኤስ የሚባለውን አምጥቷል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሆኖም ቶዮታ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የቲ-ፎር ውፍረት 7 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ የደብሊው ኤስ ደግሞ 5 ተኩል ገደማ ነው። ደብሊው ኤስ የቀጠነው ነዳጅ እንዲቆጥብ ታስቦ ነው፤ ለቲ-ፎር በተሠራ ያረጀ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ግን በላላው የውስጥ ጎማና በሰፋው ክፍተት ሁሉ ያመልጣል፣ ግፊትም ይወርዳል።

ዴክስሮን የጄነራል ሞተርስ መስፈርት ነው። ታሪኩ ረጅምም አስገራሚም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅመሞች ዲስኮቹ በልኩ እንዲያዙ የሚያደርጋቸው የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበረባቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ሕግ ዓሣ ነባሪውን ስትከላከል ኬሚስቶቹ ሌላ ለመፈለግ ተገደዱ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ይህኛው ነው፦ ጄነራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ነው። ዛሬ መደርደሪያ ላይ «ዴክስሮን 3» ተብሎ የተቀመጠውን ጠርሙስ፣ ጽሑፉ እውነት መሆኑን የመስፈርቱ ባለቤት አልመረመረውም። አንዳንዱ ጥሩ ዘይት ይሆናል፤ ብዙው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ለአሮጌ መኪና መሪ ይበቃ ይሆናል። ለእርስዎ ካምቢዮ ግን አይግዙት።

ታዲያ የእርስዎ የትኛው ነው? ኮፈኑን ይክፈቱና የካምቢዮውን ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ስበው ያውጡ። በጨርቅ ጠርገው ብረቱን ሲያዩ ብዙ ጊዜ የዘይቱ ዓይነት ተቀርጾበት ያገኛሉ። በዚያ ዘመን ኮሮላ ላይ በአብዛኛው የሚገኘው ታይፕ ቲ-ፎር ነው። ዲፕስቲኩ ሌላ ከተናገረ እኔንም አይስሙኝ፣ እሱን ይስሙ። ጽሑፉ ከጠፋ ወይም ዲፕስቲኩ ከሌላ መኪና የመጣ ከመሰለ፣ በሻንሲ ቁጥሩ የቶዮታ ዕቃ መሸጫ ሄደው የካምቢዮውን መለያና የዘይቱን ዓይነት ያስወጡ። ሊብሬ ላይ ስለ ካምቢዮ የተጻፈው ነገር ለዚህ ሥራ አይበቃም።

እዚህ ላይ የእርስዎ መኪና ያልሆኑትንም በአጭሩ ልንካ፤ ይህን የሚያነብ ሌላ ባለመኪና ይኖራልና። ፍሪሲዮን መርገጫ የሌለው መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ኦቶማቲክ አይደለም። በጅምላ «ቪትዝ» የምንላቸው መኪኖች ውስጥ እንኳ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ አለ፣ ሲቪቲ አለ፣ ፍሪሲዮኑን ኮምፒውተር የሚረግጥለት ማንዋል ካምቢዮም አለ። ሲቪቲ በሁለት ፑሊ መካከል የብረት ቺንጋ እያጠበቀ የሚሠራ ስለሆነ የራሱ ዘይት ብቻ ነው የሚስማማው፤ የተራ ኦቶማቲክ ዘይት ከገባበት ቺንጋው ይንሸራተትና ፑሊውን ይፍቀዋል። በራይድ ሥራ ላይ በብዛት የምናያቸው ኤጂኤስ የሚባለው ካምቢዮ ያላቸው ሱዙኪ ዲዛየሮች ደግሞ በውስጣቸው ማንዋል ናቸው፤ የሚፈልጉትም የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው። እነሱ ላይ ቀይ ዘይት የሚሞላ ጋራዥ ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ይቀበሉና ይውጡ። ኒሳን የራሱ ማቲክ ዘይቶች፣ ለሲቪቲው ደግሞ ኤንኤስ-2 እና ኤንኤስ-3 አለው። ሆንዳ ዜድ-1 የነበረውን በዲደብሊው-1 ተክቶታል። ሃዩንዳይና ኪያ ላይ ኤስፒ-3 እና ኤስፒ-4 አይተካኩም። በአንድ ሰፈር ከቆሙ አምስት መኪኖች አምስቱም የተለያየ ዘይት ሊፈልጉ ይችላሉ።

«ለሁሉም መኪና» የሚሉ ዘይቶችስ? ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ረጅም ዝርዝር አለ። አንድ ቅመም እርስ በርስ የሚጋጩ መስፈርቶችን ሁሉ በእኩል ሊያሟላ አይችልም፤ የሆነ ቦታ ላይ ያቻችላል። የታወቀ አምራች ከሆነና ታይፕ ቲ-ፎርን በስሙ ጠርቶ ከጻፈ፣ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ እቀበለዋለሁ። በዚያው ጠርሙስ ላይ ቲ-ፎርም ሲቪቲም አንድ ላይ ከተጠሩ ግን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። የቶዮታን የራሱን ካገኙ ደግሞ ልዩነቱን ከፍለው እሱን ይውሰዱ። ስትገዙ ክዳኑን ከነማኅተሙ፣ የታተመበትን የምርት ቁጥርና የመለያውን ጥራት ይመልከቱ። ቀይረው ሲጨርሱ ባዶውን ጠርሙስ ቀደው ይጣሉት፤ እንዳለ ለቆራሌው ከሰጡት ነገ ምን ተሞልቶ እንደሚሸጥ አያውቁም።

አሁን «ከተነካ ይሞታል» ወደሚለው ልምጣ። መካኒኩ ይህን የሚለው ዘይት በተቀየረ በሳምንቱ የቆመ ካምቢዮ ስላየ ነው። እኔም አይቻለሁ። ነገር ግን እነዚያ መኪኖች ለምን ጋራዥ እንደመጡ ይጠይቁ። ባለቤቱ ለዓመታት ምንም ሳይነካ ነድቶ፣ ማርሹ መንሸራተት ሲጀምር «ዘይት ቀይሩልኝ» ብሎ ነው የመጣው። ዲስኩ ቀድሞ አልቋል። በአሮጌው ዘይት ውስጥ የተንሳፈፈው የዲስክ ብናኝ ደግሞ ጥቂት መያዣ ሆኖ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ዘይት ሲገባ ያቺም ትጠፋለች። ካምቢዮው ከዘይት ለውጡ በፊት ሞቷል፤ ለውጡ ያደረገው መርዶውን ማሰማት ነው። ባልተጎዳ ካምቢዮ ላይ ትክክለኛ ዘይት በትክክለኛ መጠን መቀየር አይገድልም።

«ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለው አባባል ግን የመካኒኮች ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ አምራቾችም በመመሪያቸው እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋሉ። ዕድሜ ልክ ማለት የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አይጽፉም። ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ፣ የመኪና አምራቾቹ «አይቀየርም» ብለው በሚሸጧቸው ካምቢዮዎቹ ላይ ሳይቀር ዘይቱ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ወይም ቢዘገይ በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ሰው ይህን እያለ የሸጠውን ሰው መስማት ለምን?

ያ ቁጥር ደግሞ የተቀመጠው ለአዲስ አበባ አይደለም። ዘይት የሚያረጀው ከኪሎ ሜትር ይልቅ በሙቀት ነው። በሥራው ዓለም የሚታወቅ ልክ አለ፤ ከ80 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሙቀቱ ከየት ይመጣል? በዋናነት ከቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ያውም መኪናው ቀስ እያለ ሲጎተትና ዳገት ሲወጣ። የእርስዎን መንገድ ልብ ይበሉ። ማታ ከሜክሲኮ ሲመለሱ ቸርችል ጎዳናን ወደ ቴዎድሮስ አደባባይና ፒያሳ ሽቅብ፣ ሁለት ሜትር ተጉዞ እየቆሙ ይወጣሉ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ ነዳጅ መርገጫውን ጠለቅ አድርገው ይረግጣሉ። አየሩ ስስ ስለሆነም ራዲያተሩ ሙቀት የሚያስወግደው ቀንሶ ነው። ዳገት ላይ መኪናው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ፍሬን በመያዝ ፈንታ በነዳጅ የሚይዙ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን እየቀቀሉት ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ፍሪ ማድረግም ምንም አይቆጥብም፤ ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። በእኔ አስተያየት መሃል ከተማ የሚውል መኪና በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የካምቢዮ ዘይት ሊቀየርለት ይገባል።

በማሽን ማጠብ የሚባለው፣ የራዲያተሩን ቱቦ ፈትቶ አሮጌውን እየገፋ አዲሱን ማስገባት ነው። በየጊዜው ሲቀየርለት በኖረ ካምቢዮ ላይ፣ የካምቢዮውን የራሱን ፓምፕ ተከትሎ የሚሠራ ማሽን ከሆነ ክፉ አይደለም። የእርስዎን ግን ከእርስዎ በፊት ማን ምን እንደሞላበት አይታወቅም። ለዓመታት የተኛ ዝቃጭ ባንድ ጊዜ ከተነሳ የሚሄደው ዘይቱን ወደየማርሹ ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ነው፤ እዚያ ያሉት መተላለፊያዎችና ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች) በቀላሉ ይዘጋሉ። ማሽኑ ኮፓውንም (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ) አይከፍትም፤ ወንፊቱ ከነቆሻሻው፣ ማግኔቶቹም ከነብረት ብናኛቸው ይቀራሉ። በዘይትም ቁጠባ የለውም፤ ሙሉ ማጠብ ካምቢዮው ከሚይዘው በላይ ይፈጃል።

ስለ ጠዋቱ መዘግየት። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማነስ ነው፤ ከዚያ በዕድሜ የደረቁ የውስጥ ጎማዎች፤ ከዚያ ሌሊቱን ከቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ኮፓው የወረደ ዘይት። ግው ማለቱ ግን የካምቢዮ ላይሆንም ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሞተሩ ሲነሳ ራሱን ለማሞቅ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ በዚያ ፍጥነት ላይ አር ካስገቡ ደህናው ካምቢዮም ይመታል። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ከ1000 በታች እስኪወርድ ይጠብቁና ይሞክሩት። ያኔም ከመታ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች ያስፈትሹ። ይህ ከዘይቱ በፊት የሚደረግ፣ ምንም የማያስወጣ ፍተሻ ነው።

ልኩን ማየት ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቶዮታ ላይ የካምቢዮ ዘይት የሚለካው እንደ ሞተር ዘይት ጠፍቶ አይደለም። ካምቢዮው በደንብ እስኪሞቅ ይንዱት፤ የከተማ መንገድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል። ሜዳ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ የእግር ፍሬንም ይርገጡ፣ ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆዩ ወስደው ወደ ፒ ይመልሱት። ሞተሩን ሳያጠፉ ዲፕስቲኩን ያውጡ፣ ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው ይክተቱ፣ ያውጡ። ሁለቱን ገጽ ይመልከቱና ዝቅ ብሎ የሚታየውን ይመኑ። «ሆት» በሚለው በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። «ኮልድ» የሚለው ከቅየራ በኋላ ለመነሻ የሚያገለግል ግምት ነው። ሆንዳ ላይ ሌላ ነው፣ ሞቆ ሞተሩ በጠፋ በደቂቃ ተኩል ውስጥ ይለካል። ዲፕስቲክ የሌላቸው አዳዲስ ቶዮታዎች ደግሞ ከሥር ባለ ቡሎን ነው የሚለኩት፤ የዘይቱ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ላይ እያለ፣ ሙቀቱን በኮምፒውተር እያነበቡ። ይህን መሣሪያ የሌለው ጋራዥ እንደዚያ ያለውን መኪና እንዲነካ አይፍቀዱ።

«ትንሽ ይብዛ፣ ከማነስ ይሻላል» የሚል አባባል አለ። አይሻልም። የበዛ ዘይት የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይደርሱበትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ውስጥ አየር አለ፤ አየር ይጨመቃል፤ የፍሪሲዮን ዲስኩን የሚያጣብቀው ግፊት ይጠፋል። ያነሰውም የበዛውም ዞረው ዞረው መንሸራተት ያመጣሉ።

ዲፕስቲኩን ሲያወጡ ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡት። ደብዘዝ ያለ ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ አርጅቷል እንጂ አልተበላሸም። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዲስክ ተቃጥሏል። እንደ እንጆሪ ወተት የነጣ ሮዝ ከሆነ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ማቀዝቀዣ ተቀዷል ማለት ነው። ውሃ የዲስኮቹን ማጣበቂያ ያላቅቃል። ይህን ካዩ መኪናውን ጋራዥ ድረስም አይንዱት፣ ያስጎትቱት።

እነዚህ ከሌሉ እንዲህ ያስደርጉ። ዘይቱ ለብ ሲል የማፍሰሻው ቡሎን ተፈትቶ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ፣ ይለካም። እንበልና ካምቢዮው በጠቅላላ 7 ሊትር ይይዛል፤ ከሥር የሚወጣው 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ለአሮጌ ካምቢዮ የሚበጀው ይህ ቀስ በቀስ መለወጡ ነው። የወጣው 3 ከሆነ 3 ይግባ። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገም፤ ከሌላ 1000 በኋላ ይሠለስ። በመጀመሪያው 43 በመቶ ያህሉ አዲስ ይሆናል፣ በሁለተኛው 67፣ በሦስተኛው 81። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጥቁረቱ እንደሚሳሳው ቡና ነው። ለሦስቱ ዙር 9 ሊትር ስለሚሄድ 10 ሊትር ባንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይግዙ።

በመጀመሪያው ዙር ኮፓው ይውረድ። ወንፊቱ ይታጠብ ወይም ይቀየር፣ ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። ማግኔቶቹ ላይ ግራጫ ቅባት የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ካለ የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። በጣት የሚቆጠር የብረት ስባሪ ወይም የዲስክ ቅርፊት ካለ ግን ወሬው ሌላ ነው፤ እዚያው ላይ ቆመው ይወስኑ እንጂ ዘይት ሞልተው አይሂዱ። የኮፓው ቡሎኖች ትንንሽ ናቸው፤ በረጅም ቁልፍ እንደ ጎማ ቡሎን ከተጠበቁ ቆርቆሮው ይጣመማል፣ በማግሥቱም ያንጠባጥባል።

ሁለት ነገር ሲደረግ ካዩ ያስቁሙ። አንደኛው ካምቢዮን በናፍጣ፣ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ «ማጠብ» ነው፤ ውስጥ የቀረው ቅሪት አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ጎማዎቹንም ያበላሻል። ኮፓውን አውርዶ ለብቻው ማጠብ ይቻላል፣ ያውም ደርቆ ከተመለሰ። ሁለተኛው «መንሸራተት ያቆማል» የሚባል ጭማሪ በትንሽ ጠርሙስ ማፍሰስ ነው። ያንን የሚጨምረው ብዙ ጊዜ መኪናውን ሊሸጥ ያለ ሰው ነው።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህን ነው፦ ልኩን ያሳዩ፣ ሽታውንና ቀለሙን ይዩ፣ ታይፕ ቲ-ፎር ገዝተው በሦስት ዙር በማፍሰስ ያስቀይሩ፣ በማሽን አያሳጥቡ። የጠዋቱ መዘግየት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሊያጥር ይችላል። ዘይት ግን ያለቀ ዲስክ አይመልስም፣ የደረቀ ጎማም ሙሉ በሙሉ አያለሰልስም። ከሦስተኛው ዙር በኋላ መዘግየቱ እንዳለ ከቀጠለ፣ ከአንድ ሰከንድ ተኩል እስካልበለጠና ሲሞቅ እስከጠፋ ድረስ አብረውት ሊኖሩ ይችላሉ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ፣ ወይም ከ2 ወደ 3 ሲቀይር መሃል ላይ ባዶ የሚሆን ከሆነ ግን ለዘይት የሚያወጡትን ገንዘብ ይያዙት፤ ካምቢዮው ሊፈታ ነው።

እዚያ ከደረሱ ሁለት ምርጫ አለ፤ የራስዎን ማስጠገን ወይም ያገለገለ ካምቢዮ መግዛት። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እኔ ብሆን የራሴን አስጠግን ነበር፤ ያገለገለው የዚያኑ ያህል ያረጀ ነው፣ እያደርም ይወደዳል። ሶማሌ ተራ ገዝተው ከመጡ ደግሞ ከመገጠሙ በፊት ውስጡ የቀረውን ዘይት ያፍስሱና ይሽተቱት፣ ኮፓውን ያውርዱ፣ ማግኔቱን ይዩ። የአሮጌው ካምቢዮ ስባሪ በራዲያተሩ ቱቦ ውስጥ ስለሚቀር ቱቦዎቹና ማቀዝቀዣው ሳይጸዱ አዲሱ እንዳይገናኝ።

የወጣውን ዘይት ጋራዡ ከሞተር ዘይቱ ጋር በበርሜል ይሰብስበው እንጂ ቱቦ ውስጥ አይፍሰስ። ቀበናና ባንተ ይቀጡ የሚባሉት ወንዞች የሚደርሳቸው ይበቃቸዋል። ሥራው ሲያልቅ በማይለቅ ቀለም «ታይፕ ቲ-ፎር፣ 3 ሊትር» ብለው ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር ኮፈኑ ሥር ይጻፉ፤ የሚቀጥለው መካኒክ እንዳይገምት።